ሳንማር አንወጣም

ጥሊያን ወልቂጤ ላይ የጦር ሰፈሩን ሲሠራ ነው ኮረንቲ የሚባል ነገር ያየሁት። ከሰፈሩ ጀርባ ሞተር ተክለው ሽቦውን በእንጨት ምሰሶ ላይ ወደ መኮንኖቹ ቤት ይስቡት ጀመር። ጉድጓድ የምንቆፍረው፣ ምሰሶ የምንሸከመው፣ ወጥተንም ሽቦ የምናስረው እኛ የቀን ሠራተኞች ነበርን። ሥራው እንዴት እንደሆነ የጠየቀ ግን ካፖ የምንለውን የጥሊያን አለቃችንን አለንጋ ይቀምሳል። «ለሀበሻ ጉልበቱ ይበቃዋል» ይለን ነበር ካፖው፣ በአስተርጓሚ።

ከእኔ ጋር የሚሠራ አንድ የቡታጅራ ሰው ነበር፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጨዋታ ያውቃል። አንድ ጠዋት ካፖው ምሰሶው ላይ ውጣ አለው፣ ወጣ። ሞተሩ መነሳቱን የነገረው የለም። ሽቦውን እንደጨበጠ ጮኾ ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ከሰለ፣ ከዚያ ወዲያም ጣቶቹ አልታጠፉለትም።

ካፖው ገና እሱን ከመሬት ሳናነሳው ወደ እኔ ጠቆመ።

«አልወጣም» አልኩ።

አስተርጓሚው ደነገጠ። «ምን ብዬ ልንገረው?»

«እንዳልኩት ንገረው። የትኛው ሽቦ እንደሚገድል ሳያስተምሩኝ አልወጣም። የምማርበትም ቀን የሥራ ቀን ነው፤ ደመወዜ አይቀርም።»

አለንጋው አንገቴ ላይ አረፈ። አልሸሸሁም። ቀና ስል ጓደኞቼ አንድ በአንድ ምሰሶዎቹ ላይ ሲቀመጡ አየሁ። ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ሰውዬ በጉራግኛ ተናገሩ፦ «ከእንግዲህ ተነጥሎ የወጣ ሰው፣ ቤቱ ለቅሶ ቢገባ አንደርስለትም።» በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም በየእምነቱ ማለ።

መጋዘን ውስጥ ቆለፉብን። ካፖው ከጉንችሬ ገበያ ሌሎች ሠራተኞች አስመጣ። በቁስሉ ምክንያት ከእኛ ጋር ያልታሰረው የቡታጅራው ወዳጄ ግን እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸው ኖሯል። ጨርቁን እየፈታ «ወላሂ፣ የሚከፍሏችሁ ይህንን ነው!» ሲላቸው ብዙዎቹ ከደጅ ተመለሱ። የቀሩትም ምሰሶ ላይ አንወጣም አሉ። የጦር አዛዡ ቤት በጨለማ ሰነበተ፤ በመጨረሻም አዛዡ ካፖውን በሰው ፊት አዋርዶ እኛን አስፈታ።

በአዛዡ ትእዛዝም ከአዲስ አበባ አንድ ሽማግሌ ጥሊያን የኮረንቲ ሠራተኛ መጣ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ሞተሩን አጥፍቶ ያስተምረን ጀመር፤ ቀኑም ይታሰብልን ነበር። ፒንሳ አያያዝ፣ ሽቦ አቀጣጠል፣ ከመንካት በፊት መፈተን፣ ሁሉንም ከእሱ ተማርኩ። አንድ ቀን ካፖው ሳይኖር በተሰባበረ አማርኛ «በአገሬ የሠራተኛ ማኅበር ነበረን፤ እነዚህ ፋሺስቶች ናቸው ያፈረሱት» አለኝ።

«ታዲያ ከእነሱ ጋር እዚህ ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

ፒንሳውን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። አላዘንኩለትም። የሚያስተምረኝን ግን አንዱንም አላሳለፍኩም፤ ማታ ማታ የቡታጅራው ወዳጄ ዘንድ እየሄድኩ የተማርኩትን ሁሉ አስተምረው ነበር። በግራ እጁ ሽቦ መላጥ ለመደ።

ጥሊያን ተሸንፎ ሲወጣ ካፖው አብረነው እንድንሄድ ጠየቀን። አንድም ሰው አልተከተለውም። ሞተሩ ለእኛ እንዳይቀር በመዶሻ አስቀጥቅጦት ሄደ። እኔና የቡታጅራው ወዳጄም አዲስ አበባ ገባን።

መጀመሪያ ሥራ የጠየቅነው ባለ ፋብሪካ የእኔን ሥራ ወደደ፤ የወዳጄን እጅ ሲያይ ግን «አንተ ነገ ና፤ እሱ ይቅር» አለኝ።

«የመጣነው ሁለት ሆነን ነው» አልኩት።

«እኔ የምፈልገው አንድ ነው።»

«እንግዲያው እኔንም አታገኝም።»

ወዳጄ ውጭ እንደወጣን ተቆጣኝ፤ እንጀራህን በእኔ ምክንያት አትዝጋ አለኝ። አልሰማሁትም። ብዙ በር አንኳኳን፤ በየበሩም ያንኑ ቃል ደገምኩ። በመጨረሻ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሁለታችንንም ቀጠረን። እኔ ላይ ስወጣ እሱ ከታች የኮረንቲው ማጥፊያ ዘንድ ይቆማል፤ እሱ እሺ ሳይለኝ ሽቦ አልነካም።