አባቴ ለላሙ ሣር ሲተክል

ከዓረብ አገር ተመልሼ ቤት ስገባ መጀመሪያ የሰማሁት የአባቴን ጩኸት ነው። የተጣላው ከሰው አልነበረም፤ ከተራራ ነበር። ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ያለው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ያሰማራበት ተራራ፣ ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ተከልሎ ነበር። የከብት ሰኮና አይገባበትም። ሣሩ ሲደርስ ለየቤቱ በድርሻ ይከፋፈላል፤ ሁሉም የራሱን አጭዶ፣ ተሸክሞ፣ ከብቱን በደጁ ይቀልባል።

"ይህማ ላም አለኝ በሰማይ ነው!" ይላል አባቴ። "አላህ አራት እግር ለሰጣት ላም እኔ ሣር ልሸከምላት?"

እውነቱን ለመናገር ነገሩ አዲስ አልነበረም። ተራራው በደርግ ጊዜም ተከልሎ ያውቃል። ደርግ ሲወድቅ አገሬው አንዱ ከብቱን፣ አንዱ መጥረቢያውን ይዞ ገባና ባንድ በጋ መላጣ አደረገው። አባቴም ከገቡት አንዱ ነበር። የተከተለው ክረምት አፈሩን ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ከተተው። ይህን ሲያነሱበት ወሬ ይለውጣል።

ችግሩ ላሚቱም የሱው ቢጤ ናት። ያለችን እሷ ብቻ፣ እሷም እርጉዝ፤ ታጭዶ የቀረበላትን ሣር አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። ሆዷ እየገፋ ጎኗ ግን እየከሳ ሄደ። አባቴ እንቅልፍ አጣ። ኋላ ብልሃት መጣለት። ሣሩን ከክልሉ፣ ከተከለለው ተራራ፣ አጭዶ ያወጣና ከአጥሩ ውጪ ባለው መሬት ላይ ቆፈር ቆፈር እያደረገ፣ በእፍኝ በእፍኝ አቁሞ ይተክለዋል። ላሚቱ ራሷ ያገኘችው መስሏት ትግጠዋለች! እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው ተረበኛ ጎረቤታችን ደግሞ ባለፈች ቁጥር "አባባ፣ ውሃም ያጠጡት እንጂ፣ እንዳይደርቅ!" ትለዋለች።

በዚህ መሀል ጦርነቱ መጣ። በሐይቅ ከተማ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤታችን ልጆቿን ይዛ ሸሸች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ተራራውን በደሞዝ የሚጠብቀው ዘበኛም ሄደ። አባቴ "ላሚቱ መንገድ አትችልም" ብሎ እምቢ ስላለ እኔም ከሱ ጋር ቀረሁ። ፈርቼ ነበር፤ አልደብቅም።

የቀሩት ሰዎች ክልሉ ባለቤት ማጣቱን ሲያዩ ከብታቸውን እየነዱ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። የኛ ድርሻ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፤ የጎረቤታችን ሣር ግን ሳይታጨድ እንደቆመ ነው። አባቴ ቀድሞ ይገባል ብዬ ስጠብቅ በሩ ላይ ዱላውን አጋድሞ ቆመ።

"የሸሸ ሰው ሣር አማና ነው፣ አደራ ነው" አለ። "ሲመለሱ ከብታቸውን ምን ሊያበሉ ነው? እኔ ያኔ ደርግ ሲወድቅ ገብቼ የሚያመጣውን አይቼዋለሁ።"

በለቅሶም በችግርም የምንረዳዳበት ቅሬያችን ዳኛ፣ ጠና ያሉ ሽማግሌ፣ እዚያው ፈረዱ፦ ከብቱ የገባበት ሰው ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቀባሪ የለውምና ሁሉም እያጉረመረመ ተመለሰ። ጥበቃውን ማን ይያዝ ሲባል የሁሉም ጣት ወደ አባቴ ዞረ። ደሞዝ የለ፣ ካፖርት የለ፤ ተራራውን ሲራገም የኖረ ሰው የተራራው ዘበኛ ሆነ።

ጦርነቱ ከአካባቢያችን ገለል ብሎ ሰው መመለስ በጀመረበት ሰሞን፣ ጎረቤታችን ገና ሳትመጣ፣ አንድ ጠዋት ላሚቱ ከበረቷ ጠፋች። ዱካዋ ቀጥ ብሎ ወደ ክልሉ ይሄዳል። አባቴ ክው አለ። "በስተርጅና ከቅሬ ልወጣ ነው!" እያለ ሄዶ ዳኛውን ራሱ ጠርቶ አመጣቸው። አብረን ስንገባ ላሚቱ ወይራ ሥር ወልዳ ጥጃዋን ትልሳለች። በደስታ እልል አልኩ።

ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ "ምጥ የያዛት ምን ሕግ ታውቃለች? ምሕረት አድርገንላታል። ጥጃው እስኪጠና እዚሁ ይቆዩ" አሉ።

አባቴ ግን እየሰማቸው አልነበረም። የጎረቤታችንን ድርሻ ዳር ዳሩን እየዞረ፣ ጎንበስ እያለ ያያል። "አልሐምዱሊላህ፣ አልነካችውም" አለ። ከዚያ ጥጃውን ከነእርጥበቱ ታቅፎ ወጣ፤ ላሚቱም እምቧ እያለች ተከተለችው። በሩን በእሾህ ከዘጋ በኋላ ነው ወደኔ ዞር ብሎ፣ "ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት?" ያለኝ።