ጊንጪ ላይ የቀረ አረፋ

ባኮ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ፊት ለፊት የጭነት መኪኖች ያድራሉ። ጠዋት ጠዋት አንዱ አልነሳ ብሎ ሞተሪኖው «እኝኝ… እኝኝ…» ሲል፣ ሾፌሩም እየተራገመ ደግሞ ደጋግሞ ሲሞክረው፣ ጠመኔ እንደያዝኩ የጀመርኩትን ቃል ትቼ ሰሌዳውን እደገፋለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸርን አመማት» ይባባላሉ። ምንም አላመመኝም፤ ያ ድምፅ የአባቴ መኪና ድምፅ ነው፣ ያቺን መኪና ደግሞ እስከ ዛሬ ጥምድ አድርጌ ይዣታለሁ።

ያደግነው አምቦ ነው። አባቴ ከድር ገበያው አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ እሱም እናቴ ዘይነባም ከስልጤ የመጡ ናቸው፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሙኒር ግን ውጭ በኦሮምኛ ተሰዳድበን ቤት ገብተን በአማርኛ የምንካሰስ የአምቦ ልጆች ነበርን። መኪናዋን የገዛት አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በበጋ ነው። አሮጌ ነጭ የቤት መኪና ነበረች፤ ወንበሯ ተቀዳዶ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፣ እናቴ የምትቀመጥበት በኩል ያለው በር ደግሞ ከውጭ ካልሆነ አይከፈትም። ለአባቴ ግን እቴ ምን ጎድሏት! ሱቅ ከመክፈቱ በፊት ያጥባታል፣ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ሁላችንንም አሳፍሮ ጉደር ድረስ ወስዶ ይመልሰናል፣ በደረስንበት ሁሉ ዞሮ መጥቶ የእናቴን በር እየከፈተ «ውረጂ እመቤቴ» ይላታል። እሷም እየሳቀች ትወርድ ነበር። በዚያን ጊዜ ትስቅ ነበር።

መኪናዋ የተገዛችው በእልህ መሆኑን የሰማሁት ከእናቴ ነው። አባቴ እሷን ለማግባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ፣ አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ስለነበሩ፣ «ልጄን በምን ሊወስዳት ነው? አዝሏት?» ብለው ሽማግሌዎቹን አሳቋቸው። ከዚያ መርቀው ዳሯት፤ የተናገሩትንም ማታውኑ ረስተውት ይሆናል። አባቴ ግን አልረሳም። ሰርጉ አልፎ፣ ሱቁ ተከፍቶ፣ እኛ ተወልደን እንኳ ያ ሳቅ ከጆሮው አልወጣም፣ እናም መኪናዋን እየወለወለ «እስቲ አሁን አባትሽ ምን እንደሚል አያለሁ» ይል ነበር።

በበልጉ አያቴ ታመሙ። እናቴ ስልክ በተደወለ ቁጥር ሮጣ ታነሳና «አሁኑኑ ልሂድ» ትላለች፤ አባቴ ደግሞ ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። መንገዱ ዛሬ ሲዘጋ ነገ ሲከፈት የነበረበት ዘመን ስለነበር አንድ ሰሞን መንገዱን ያመካኛል፣ መንገዱ ሲከፈት ገበያውን፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጎማውን። «ለአረፋ በመኪናችን እንሄዳለን፣ ምን ያቻኩልሻል?» ይላታል። እናቴም ለአያቴ በስልክ «ለአረፋ እመጣለሁ አባ» ብላ ቃል ገባች።

እዚህ ላይ አረፋ ለእኛ ምን እንደሆነ ልናገር። በአገራችን አረፋ ሰው ባለበት የሚያከብረው በዓል አይደለም፤ መርካቶ ያለውም አምቦ ያለውም ሱቁን ቆልፎ ወላጆቹ ደጅ ይገባል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ከዚያ ነው በሬ የሚጣለው። ያገባች ሴት ታዲያ እናቴ ባደገችበት መንደር ለአረፋ ያለ ባሏ ከመጣች አለቀላት፤ «ፈቷት ነው» ይባላል፣ በጠና የታመመ ሰው ቢኖር እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ባልሽስ?» ነው። እናቴ ይህን ከሞት እኩል ትፈራው ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ የአረፋ ዋዜማ ጠዋት፣ ተነሳን። ለአያቴ የተገዛው ጋቢ፣ ስኳሩ፣ ለአክስቶቼ የተቆረጠው ጨርቅ፣ እናቴ መንገድ ላይ ለሶላት እየታጠበች ውዱ የምታደርግበት ቢጫ ጀሪካን ሁሉ ተጫነ። መኪናዋ «እኝኝ…» ብላ እምቢ ስትል ጎረቤታችን ኦቦ ለሜሳ ከነፒጃማቸው ወጥተው ገፉልን። ሲገፉም «ከድር፣ ይቺን ይዘህ ስልጤ ድረስ? ኧረ በአውቶቡስ ሂድ ወንድሜ!» ይሉ ነበር።

አባቴ በመስኮት ብቅ ብሎ «ኦቦ ለሜሳ፣ ቀኑባት እንዴ?» ሲላቸው ሳቁ፣ መኪናዋም ተነሳች፣ እሳቸውም ከኋላችን እጃቸውን እያውለበለቡ «ነጋን ገላ!» አሉን፤ በሰላም ግቡ ማለታቸው ነው።

ጊንጪ መግቢያ ላይ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሳ። አባቴ ወርዶ ከፈተውና የእናቴን የውዱ ውሃ አንስቶ ሙሉውን ገለበጠበት፤ መኪናዋ ጠጥታ ጠጥታ ጭራሽ ዝም አለች። እየተገፋን አንድ ጋራዥ ደረስን። ተሾመ የሚባል ቀልደኛ መካኒክ ፈታቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«የቴስታታዋ ጋርኒሲዮን፣ የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል አባ። ውሃና ዘይቷ ተደባልቆ ይኸው ሻይ በወተት ሆናለች። ዕቃው እዚህ የለም፣ ከአዲሳባ ካልመጣ።»

ጋራዡ አስፋልቱ ዳር ስለነበር ሚኒባሶቹ ፊታችን ላይ ቆመው ነበር የሚጭኑት። ረዳቶቹ «አዲሳባ! አዲሳባ! አንድ ሰው!» እያሉ ይጮኻሉ። እናቴ ሻንጣዋን አወረደች።

«ከድር፣ መኪናዋ እዚሁ ትቆይ፣ ማን ይበላታል? በሚኒባስ እንሂድ።»

«መኪና አለኝ ብዬ አውጄ በአውቶቡስ ልግባ? አባትሽ ፊት?»

«አባቴ የናፈቀው መኪና ነው እንዴ? እኔን ነው እኮ!»

«ነገ ተሠርታ እንሄዳለን አልኩሽ፣ ኢንሻአላህ። ካልሆነልሽ ልጆቹን ይዘሽ ብቻሽን ሂጂ!»

እንደማትችል እያወቀ ነው እንዲህ ያላት። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህቺ ንግግሩ እስከ ዛሬ ቆሽቴን ታሳርረዋለች። እናቴ ሻንጣዋን አንስታ ሚኒባሱ በር ድረስ ሄደች፣ አንድ እግሯን አስገባች፣ ረዳቱ «ግቢ እናቴ፣ ሞልቷል!» ሲላት ዞር ብላ አባቴን አየችው፤ እሱ ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ነበር። እግሯን መልሳ አወጣች፣ ሚኒባሱም ሄደ። እሷ የጋራዡ ደጃፍ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ በተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

ተሾመ ዕቃውን ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ ባዶ እጁን ተመለሰ። «የመለዋወጫ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው» አለ እየሳቀ፤ «ባለቤቶቹ ለአረፋ አገራቸው ገብተዋል አሉኝ።» አገራቸው የእኛው አገር፣ ስልጤ ነበር። ወይ ጉድ! ዕቃውን የሚሸጡልን ሰዎች አባቶቻቸው ቤት ገብተው ሲመረቁ፣ እኛ የእነሱን ሱቅ መከፈት ጊንጪ ላይ ቁጭ ብለን እንጠብቅ ነበር።

አረፋ ጊንጪ ላይ ዋለብን። አባቴ ከከተማው ሙስሊሞች ጋር ሰግዶ መጣ፣ የማናውቃቸው ደግ ሰዎች ቤታቸው ወስደው አበሉን፤ እኔና ሙኒር አፈር ይብላንና ጥግብ አልን፣ እናቴ ግን አልጎረሰችም። ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቷ፣ አክስቴ ሩቅያ፣ ደወለች። ስልኩን አንስቼ ጆሮዋ ላይ እኔ ያዝኩላት፣ ስለዚህም ሁሉንም ሰማሁ።

«በሬው እንደታሰረ ነው። አባ "ዘይነባ ሳትመጣ ቢላዋ አይነካውም" ብሏል። ሰዉ ቢለምነው እምቢ አለ።»

«ስጪኝ እስቲ እሱን» አለች እናቴ።

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ ከዚያ የአያቴ ቀጭን ድምፅ፦ «ዘይነባ፣ ደረስሽ?»

«መንገድ ላይ ነኝ አባ፣ መንገድ ላይ ነኝ።»

አልዋሸችም፤ መንገድ ላይ ነበረች። ስልኩ ሲዘጋ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። አባቴ አይቷት ወደ መኪናው ተመለሰ። አፍሮ ነበር መሰለኝ፣ ሲያፍር ደግሞ እልሁ ይብስበት ነበር።

በማግስቱ ዕቃው ሆለታ ተገኘና መኪናዋ ተነሳች። አዲስ አበባንና ቡታጅራን አልፈን ወደ መንደሩ ስንቃረብ፣ የአባቴም የእናቴም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነበርና እዚያ ስለሆነው ነገር ማንም የነገረን አልነበረም። ከመንደሩ በታች አንድ ወንዝ አለ። አባቴ እዚያ ቆመ፤ መኪናዋ ከጊንጪ ጀምሮ ጭቃ ለብሳ ስለነበር በጀሪካኑ ውሃ እየቀዳ ማጠብ ጀመረ። እናቴ ከውስጥ መስታወቱን እየደበደበች «በአላህ ይዤሃለሁ ከድር፣ እንሂድ! እንሂድ እባክህ!» ስትለው፣ እሱ «አንድ አፍታ፣ በዚህ ጭቃ አይየኝ» እያለ መብራቷን ሳይቀር ወለወለ። በሩ ከውጭ ነው የሚከፈተው አላልኩም? መውረድ እንኳ አልቻለችም።

ከዚያ ወደ ሰፈሩ ሲገባ ክላክሱን ለቀቀው። አያቴ እንዲሰሙት ነበር። የለመድነው ልጆች ከየአጥሩ ተንጋግተው ወጥተው መኪና ሲከተሉ ነው፣ ያን ዕለት ግን አንድም ልጅ አልሮጠም። አንድ ዛፍ ሥር ወንዶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ እጁን አንስቶ ተው ሲለው፣ አባቴ ሰላምታ መስሎት እየሳቀ ደግሞ ነፋው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ከድር፣ ኧረ ተው… አባን ቀብረን መመለሳችን ነው።»

የአባቴ እጅ ክላክሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ዞሮ በሩን የሚከፍትላት አልነበረም፤ የከፈተላት አጎቴ ነው። እናቴ ወርዳ፣ ጫማዋን ጭቃው ውስጥ ጥላ ስትሮጥ፣ እኔ ከኋላዋ ወረድኩ። በሬው በግቢው ጥግ እንደታሰረ ሣሩን ያመነዥካል። እሷን ሲጠብቅ የሰነበተው የአረፋ በሬ ማታ ለለቀስተኛ ታረደ።

አክስቴ ሩቅያ እናቴን አቅፋ እያለቀሰች ነው የነገረቻት። «መኪናቸው ተበላሽቶ ነው ብዬ ስነግረው "መኪናውን ምን ላድርገው? በእግሯም ቢሆን ትምጣ፣ ብቻዋንም ትሁን፣ እሷ ብቻ ትምጣልኝ" ይለኝ ነበር። እኔ ነኝ በስልክ ያልነገርኩሽ፤ ከባልሽ እንዳላጣላሽ ብዬ ዋጥኩት።»

እናቴ ማልቀሷን አቆመች። በሩ አጠገብ የቆመውን አባቴን ቀና ብላ አየችውና «ብቻሽን ሂጂ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችው፤ «መስማት ነበረብኝ።» ከዚያ ወዲህ ስለዚያ መንገድ አንድ ቃል ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። ወደ አምቦ ስንመለስ እሷና ሙኒር በአውቶቡስ ሄዱ፣ እኔ ከአባቴ ጋር ሆንኩ፤ ጊንጪን ስናልፍ ተሾመ እጁን ቢያውለበልብለትም አባቴ ዞር ብሎ አላየውም።

መኪናዋ ዛሬም አምቦ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች፤ የኦቦ ለሜሳ ዶሮዎች ብርድ ልብሱ ላይ እንቁላል ይጥላሉ። አባቴ አርጅቷል። አረፋ ሲቃረብ ዶሮዎቹን አባሮ ያጥባታል፣ ሞተሪኖውን «እኝኝ…» ያደርገዋል፣ ዞሮም የእናቴን በር ከፍቶ ይቆማል። እናቴ ሻንጣዋን ይዛ በፊቱ አልፋ ወደ መናኸሪያ ትሄዳለች። እሱም እስክትርቅ አይቶ በሩን ይዘጋል። ያኔ ስንሄድ አንድ መኪና ውስጥ ተጠጋግተን ነበር፤ አሁን እኔ ከባኮ፣ እሷ ከአምቦ፣ ሙኒር ከሚሠራበት ከአዲስ አበባ፣ በየፊናችን በአውቶቡስ ስልጤ እንገባለን፣ እናም ማንም አይዘገይም።

አምና መንደሩ መግቢያ ላይ ተገናኝተን አብረን ወደ አያቴ ግቢ ስንሄድ፣ ደጃፉ ላይ የተቀመጡት ሴቶች ተነስተው አቅፈው ሳሙን፣ ስለ ጤናችን፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ኑሮው ጠየቁን። ወደ ውስጥ ስንገባ በጆሮዋ «አየሽ እማዬ፣ ባልሽስ የሚልሽ የለም እኮ» አልኳት።

እናቴ ሻንጣዋን አስቀምጣ የአያቴን ባዶ መደብ ትንሽ አየችው።

«እኔ የፈራሁት» አለችኝ፣ «አባ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር።»