በጎሮ አጥር ቀዳዳ ያለፈው ቅባት

ዕፀገነት ቁጭ ብላ አታውቅም። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ወንበር ተመድቦላታል፤ የካፖርት መስቀያ አድርጋዋለች። አንዳንዴ ከተቀመጠችም ቀኝ እግሯ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው የኔ ሚዛንም አብሮ ይወዛወዛል። "እባክሽ ያንን እግርሽን እሰሪው" እላታለሁ። "አንተ ሚዛንህን እሰረው" ትለኛለች። ምላሷ ጤፍ ይቆላል።

ያደገችው ሳሊተ ምሕረት ነው። ልጅ ሳለች ሁለቱንም እጆቿን ችፌ ይዟት ነበር። ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ክብ ሠርተው ሲጫወቱ የሷን እጅ የሚይዝ አይገኝም፤ ዳር ቆማ ታጨበጭብላቸው ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር የነበሩት አባቷ፣ ጋሽ ገብረወልድ፣ ከአጥር ሥር እምቧጮ ቀጥፈው ይወቅጡና ጭማቂውን ይቀቧት ነበር። ዳነች። በእምቧጮው ይሁን እንዲሁ በራሱ ይሂድላት ግን ማንም አያውቅም። እንቅልፍ የነሳቻትም ይህች "አይታወቅም" የምትባል ነገር ናት። ፋርማሲ ተምራ ቦሌ አንድ መድኃኒት ቤት ተቀጠረች፤ ባንኮኒ ጀርባ መቆም አልሆነላትም። ሰው የሠራውን መሸጥ ሰለቸኝ ብላ፣ የአባቷን እምቧጮ ልትፈትን ወደኛ መጣች።

የቅጠል ጭማቂን ቅባት ማድረግ ቀላል ይመስላል። ጠዋት ልስልስ ብሎ የተሠራው ከሰዓት በኋላ ዘይቱ ላይ፣ ውሃው ታች ሆኖ ይገኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሳይበርድ እያነሳች ስንቱን ደፍታዋለች፤ የጠራጊዋንም የኛንም ዕድሜ አሳጥራለች። በመጨረሻ የንብ ሰም ጨምራ፣ ቀስ እያለች አማስላ፣ ዘይቱንና ውሃውን አስታረቀቻቸው። ዕፀገነት ቀስ ስትል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በሰው ላይ መሞከር ነበረበት። ሁለት ዓይነት ሠራች፤ አንዱ እምቧጮ ያለበት፣ ሌላው ባዶ። ቀለማቸውም፣ ሽታቸውም፣ ቲዩባቸውም አንድ ነው። ችፌ ላለባቸው ፈቃደኞች በዕጣ ታደለ፤ ለማን የትኛው እንደደረሰ ተቀባዩም ነርሷም አያውቁም። ባዶው የደረሰው ሰው ጥናቱ ሲያበቃ እውነተኛው ይሰጠዋል ተብሏል። በሁለቱ መካከል ልዩነት ከታየ ቅባቱ ወደፊት ይሄዳል፤ ካልታየ እዚያው ያበቃል። ያን ሰሞን ከሷ ጋር አንድ ክፍል መሥራት ለጠላቴ እንኳ አልመኝም።

ውጤቱን የደመርኩት እኔ ነኝ። ልዩነት የለም። እውነተኛውን ከተቀቡትም፣ ባዶውን ከተቀቡትም እኩል ግማሽ ያህሉ ተሽሏቸዋል። ኃላፊያችን ዶክተር ገብረዋሕድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ መነጽራቸውን አውልቀው "በቃ ልጄ፣ ቅጠሉ መልሱን ሰጠሽ" አሏት።

"ባዶውን የሠራሁት እኔ ነኝ!" አለች ገና ከቢሮ እንደወጣን። "እሱ እንኳን ሰው ሊያድን የደረቀ ዳቦ አያለሰልስም! ማነው በሱ የዳነው?"

መዝገቡን አየሁላት። አብዛኞቹ የጎሮ ሴቶች ናቸው። ካፖርቷን ከወንበሩ መንጭቃ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ነርሷ ደውላ አስፈቀደችልንና ከጉርድ ሾላ ታክሲ ያዝን። ታክሲው መንገድ ሲዘጋበት ከሾፌሩ ይልቅ እሷ ተናደደች።

ወይዘሮ ሲቲ የወሎ ሴት ናቸው፤ በራቸው ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይቸረችራሉ። እዚያው ግቢ ውስጥ ወይዘሮ ዘርፌ ይኖራሉ፤ የሰው ልብስ በማጠብ ነው የሚተዳደሩት። ሁለቱም ጥናቱ ውስጥ ነበሩ።

"እትዬ ሲቲ፣ ቅባቱን እንዴት ነበር የሚቀቡት?" አለች ዕፀገነት።

"ቅባት እንዴት ይቀባል? እንደ ቅባት ነዋ!" ብለው ገቡና የማርማላታ ጠርሙስ ይዘው ወጡ። ግማሽ ድረስ አረንጓዴ ቅባት አለበት።

"ቲዩቡስ?"

"የኔ ወዲያው አሻለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የዘርፌ ግን ያኔ እንዳለ ነበር፤ ስታጥብ ደሟ ከሳሙናው ጋር ይወርድ ነበር። ታዲያ ብቻዬን ልዳን? የሷንም የኔንም እዚህ ጨመቅነውና አብረን እንቀባለን። ሌሎቹም ጎረቤቶች እንደዚሁ ናቸው።"

"የየራሳችሁን ብቻ ተቀቡ አልተባላችሁም?"

"ተብለናል" አሉ ዘርፌ። "ነርሷ ልጅ እንዳይከፋት እሺ አልናት።"

ዕፀገነት ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። "ይሠራል! ሰማህ? ሳይደባለቅ በፊት ሠርቷል!"

"አንድ ሰው አሻለኝ ስላለ ማስረጃ አይሆንም" አልኳት። "አባትሽም እምቧጮው አዳናት ያሉት እንዲሁ ነው።" ባልተናገርኩ ብዬ ተጸጸትኩ።

ዶክተሩ የሆነውን ሲሰሙ አንድ ተጨማሪ ሙከራ ፈቀዱ፤ ሁለተኛው ግን ከከሸፈ ሦስተኛ የለም። በዚህኛው ዕጣው በሰው ሳይሆን በግቢ ይወጣል፤ ግቢው በሙሉ አንድ ዓይነት ያገኛል። ይህን ለማስረዳት ወደ ጎሮ ተመለስን።

"ይሄ ደህና ነው" አሉ ሲቲ። "ባዶው ከደረሰን አብረን እንጠብቃለን።" ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉ። "ለሀጀር ግቢ ሌላኛው ከደረሰስ?"

"ሀጀር ማናት?"

ሲቲ ተነስተው የቆርቆሮውን አጥር አንኳኩ። "ሀጀር! ነይ ቃሪያሽን ውሰጂ!" አንዱ ቆርቆሮ ገለል አለና በቀዳዳው እጅ ገባ። ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፤ መዳፉ ቀልቷል። ዕፀገነት ቃሪያውን ተቀብላ አቀበለች፤ እጁን ግን አልለቀቀችውም። ፊቷን የማታያትን ሴት እጅ ይዛ ቆመች። ያ አርፎ የማያውቅ እግሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ ብሎ አየሁት።

"እትዬ ሲቲ፣ ሁሉም አጥር ቀዳዳ አለው?"

"ታዲያ ሰው በምን ይገናኛል? እስከ አስፋልቱ ድረስ እንደዚሁ ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎሮን በእግሯ እያካለለችው ነው፤ ጉርብትና የሚያቆምበትን ቦታ ፈልጋ እዚያ ላይ መስመር ልታሰምር፣ ከወዲህ አንዱን ቅባት፣ ከወዲያ ሌላውን ልታድል። እኔም ከኋላዋ እያለከለክሁ "አገኘሽው?" እላታለሁ።

"ገና ነው" አለችኝ ትናንት፣ አንድ ቆርቆሮ በጣቷ እየገፋች። "ካላገኘሁት ቅባቴ አለቀለት። ባገኘውስ፣ እዚያ ሰው እንዴት ይኖራል?" ቆርቆሮው ገለል አለላት። ወደሚቀጥለው አጥር ሄደች።