ለብ ያለ ውሃ

አምቦ ውስጥ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ስለ ወተት የማስተምርበት አንድ ቀን አለ፤ ያን ቀን ተማሪዎቼ ፊቴን አይተው ትንፍሽ አይሉም።

ወተት ማለት ውሃ ውስጥ የተበተነ የስብ ጠብታ ነው እላቸዋለሁ። እያንዳንዷ ጠብታ ስስ ቆዳ ለብሳለች፤ ሲናጡ ይጋጫሉ። ከበረዳቸው እንደ ጠጠር ይደርቁና ተጋጭተው ይለያያሉ። ከሞቃቸው ቀልጠው ዘይት ይሆናሉ። ለብ ሲላቸው ብቻ፣ ግማሽ ጠጣር ግማሽ ለስላሳ ሆነው፣ አንዷ ሌላዋን ትይዛለች። እየተያያዙ ሲሄዱ እርጎው ይወፍራል፣ ቅሉ ይከብዳል፣ ከዚያ ቅቤው ከአሬራው ይለያል። ይኼን ሁሉ እያወቅሁ ነው እንግዲህ የተዋረድኩት።

ስምንት ዓመት ሆነው። በጥር ተጋብተን ሳምንት ሳይሞላን ባሌ ጎጆ ወደምትባለው የደጋ ከተማ፣ እናቱ ቤት ወሰደኝ። የጎጆን የጥር ብርድ ጠላቴም አይቅመሰው! በእነሱ ቤት ሙሽራ የመጀመሪያውን ቅቤ ራሷ ትንጣለች። አማት ከዚያ ቅቤ ቆንጥራ መሃል አናቷ ላይ ታደርግላታለች፤ እስከዚያ ድረስ ሙሽራዋ እንግዳ ናት። እኔ ደግሞ እናቴን ገና በልጅነቴ ያጣሁ ነኝ። ያንን ቅቤ እንዴት እንደቋመጥኩለት ለማንም አልተናገርኩም።

የአራት ቀን እርጎ በቅል ሞልተው ሰጡኝ። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ናጥሁ፣ ናጥሁ፤ ጥዋት የጀመርኩት እኩለ ቀን አለፈ። አረፋ ብቻ! ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ይባል የለ? ክንዴ ዛለ፤ የቅሉ ድምፅ ግን ያው ቀጭን ድምፅ ነው። አንዲት አሮጊት በኦሮምኛ ለጎረቤቷ አንሾካሾከች። የአምቦ ልጅ ኦሮምኛ የማይሰማ መስሏት ይሆናል። «ዓይኗ ነው» ነበር ያለችው። አማቴ ሰምታለች፤ አልገሠጸቻትም።

«ዓይን አይደለም፣ ብርድ ነው!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበት፤ ወዲያው ይወጣል።»

አማቴ ረጋ ብላ፣ በአማርኛ፣ «እኔ ቤት ወተት ላይ ውሃ አይጨመርም፣ ልጄ። እሱን የከተማ ወተት ሻጮች ናቸው የሚያደርጉት» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ያኔ ነው ንዴቴ አናቴ ላይ የወጣው። «ባታውቁት ነው እንጂ ትምህርቱ እንዲህ ነው የሚለው!» ብዬ ጮህኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አማትን በሰው ፊት «አታውቂም» ብሎ ነገር አለ እንዴ? ባሌ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ ነበር። ዞር አልኩና «ውሃ ስጠኝ» አልኩት። ከምድጃው ማንቆርቆሪያውን አነሣና አቀበለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ከጎኔ የቆመ አንድ ሰው እሱ ነው ብዬ፣ አምላክ ምስክሬ ነው፣ እንባዬ መጣ።

ሳልለካ፣ በጣቴ እንኳ ሳልነካ ገለበጥኩት። ተማሪዎቼን «ለኩ!» እያልኩ የምጮኸው እኔ! ትንሽ ናጥሁና ክዳኑን ስከፍት ቅቤው ቀልጦ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፏል፤ ከታች ቀጭን ነጭ ውሃ። ማንም አልተቆጣኝም። አማቴ ቅሉን ከእጄ ወሰደችና በጓሮ በር ደፋችው። አናቴ እንደደረቀ ወደ አምቦ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት በየበዓሉ ስንሄድ ወተት አላስነካችኝም። እኔም ጥፋቴ ነው ብዬ ቀንበሬን ተሸከምኩ። በንዴቴ፣ በትምህርት ኩራቴ ያመጣሁት ነው አልኩ።

ባለፈው ጥር የባሌ ታናሽ ወንድም አገባ። ሙሽራዋ እዚያው የጎረቤት ልጅ ናት። ያው ቅል፣ ያው ብርድ። ገና ጥቂት እንደናጠች አማቴ ባሌን በኦሮምኛ «ውሃ አሙቅላት» አለችው። ተነሣ። ውሃውን አሞቀ፣ በቀዝቃዛ በረዘው፣ ጣቱን ነከረበት፣ ገና ነው አለና ቀዝቃዛ ጨመረ። ከዚያ በስሱ አንቆረቆረላት። ብዙም ሳይቆይ የቅሉ ድምፅ ወፈረ፤ ቅቤው ወጣ። አማቴ ቆንጥራ በልጅቷ አናት ላይ አደረገች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እልል አልኩ፣ ምን ላድርግ?

ስንመለስ ጊንጪ እስክንደርስ ቻልኩት። ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም።

«ለብ ያለ ውሃ እንደሚጨመር መቼ አወቅህ?»

«ከልጅነቴ። ለእማዬ የማሞቀው እኔ ነበርኩ።»

«እሷም ታውቅ ነበራ?»

«ያኔ አንቺን አልፈለገችሽም ነበር» አለ፣ በመኪናው መስኮት እያየ። «አሁን እርሺው በቃ።»

አማቴንስ እሺ፣ እረሳላት ይሆናል። አልመረጠችኝም፤ መብቷ ነው። ግን ያን ቀን ምድጃው አጠገብ ሁለት ዕቃ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ እንስራና ሲንተከተክ የነበረው ማንቆርቆሪያ። እሱ ሁለቱንም ያያል፤ እንዴት እንደሚበረዝም ያውቃል።

«ለእኔ ለምን የፈላውን ሰጠኸኝ?» አልኩት።

«እማዬ እያየችኝ ነበር» አለ።