«ቻለው» ያልኩት ልጅ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የሆነ ነገር ነው። እስከ ዛሬ ልቅሶ ቤት «ቻለው» የሚል ሰው ስሰማ ቀና ብዬ ማየት ያቅተኛል።

ልጄ ታማ ሰንብታ ደብረ ታቦር እኔው ቤት ሞተች። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ትታለች። ወንዱ፣ ይበልጣል የሚባለው፣ ባጃጅ ይነዳል፤ ገና ጎረምሳ ነው።

ልቅሶው ድንኳን ውስጥ ሁለቱን እህቶቹን አቅፌ «አልቅሱ፣ ይውጣላችሁ» አልኳቸው። የእሱ ከንፈር ሲንቀጠቀጥ ባይ ጠጋ ብዬ «አንተ ቻለው፤ ለእህቶችህ ያለኸው አንተ ነህ» አልኩት። ቻለው። አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣችውም። እኔም ኮራሁበት።

ሰንበት ብሎ ከጓሮ የሲጋራ ሽታ መጣ። ብወጣ ይበልጣል ከባጃጁ ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ያጨሳል። ከእጁ ነጥቄ ረገጥኩት። «የእናትህ አርባ ሳይወጣ! በእኔ ግቢ!» ብዬ ስጮኽ ጎረቤት ተሰበሰበ።

ባለሱቋ ከድጃ በአጥሩ ብቅ ብላ «እማማ፣ ሲጋራውን ረግጠው ገደሉት፤ ልጁን እንኳ ይማሩት» አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ቃሉ ሳይሰማ ሲፈረድበት አልወድምና፣ «በል ተናገር! ይሄን ምን ብለህ ጀመርከው?» አልኩት።

ድምፁን ሳያነሳ «እምዬ፣ ቻለው አላሉኝም? እየቻልኩ ነዋ» አለኝ።

ሳቁ ቆመ። ከድጃም አንገቷን ከአጥሩ መለሰች።

እኔ ዳቦ ስቆርስ ወንድ ሴት ብዬ አላውቅም፤ ለሦስቱም እኩል ነው። አዳላሽ የሚለኝን ተከራክሬ እረታለሁ። ልቅሶውን ግን ለሴቶቹ ፈቅጄ ለእሱ ነፈግሁት። ለዚህ መከራከሪያ የለኝም።

በማግስቱ «አልቅስ ልጄ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አሁንማ እንባውን ስጠራውም አይመጣም» አለኝ።

ሲጋራውን ዛሬም እጠላዋለሁ፤ ተወው ማለቴንም አልተውኩም። ቀንሷል እንጂ አላቆመም። ሲያጨስ ግን ብቻውን አልተወውም፤ በርጩማዬን ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። እናቱን ሳነሳ እንባዬ ይመጣል።

«ጭሱ ነው?» ይለኛል።

ጭሱ ነው ብዬ ብመልስለት ይቀለው ነበር። «አይደለም፣ እያለቀስኩ ነው» እለዋለሁ። ዞሮ ያየኛል። አንድ ቀን አብሮኝ ያለቅስ እንደሆነ ብዬ እኔም ዓይኔን አልጠርግም።