ያላለቀሰችው ሚስት

የአባቴን ሣጥን ስናራግፍ ከካፖርቱ ሥር ሽፋኑ የተቀደደ መጽሐፍ ወጣ። የመጨረሻ ቅጠሎቹ የሉም። ድሮም አልነበሩም።

ልጅ እያለሁ፣ በኮልፌ ገና ባሕር ዛፉ ከቤቱ ሲበዛ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቻችን በርጩማቸውን ይዘው ግቢያችን ይሰበሰቡ ነበር። አባቴ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግና ያነብላቸዋል። የዚያ መስከረም መጽሐፍ የግድያ ታሪክ ነበር። አንድ ነጋዴ በጠጁ መርዝ ተጨምሮበት ይሞታል። ወንድሙ ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል፤ ሚስቱ ግን አንዲት ጠብታ እንባ አይወጣትም። ታሪኩ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

አባቴ በአገሩ በጎጃም አውጫጭኝ ተቀምጦ ያውቃል። ወንጀለኛ ሲጠፋ አገሬው ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ የሚያውቀውን እስኪናገር ድረስ ማንም ከቦታው አይነሣም። «እንግዲህ እኛም እንቀመጣ» አለ እየሳቀ።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልዴ ጀመሩ። ብልጥ ብትሆንማ ታለቅስ ነበር፤ ይህቺ ገዳይ አይደለችም አሉ። እትዬ ዘነበች ሳቁባቸው። «አንተ መርፌ እንጂ ሴት አታውቅም» አሏቸው። ሚስትየዋ ከብልጥም ብልጥ ናት፤ እንባዋን የዋጠችው፣ ሰው ልክ እንደ ወልዴ እንዲያስብላት ነው። ግቢው በሳቅ ተሞላ፤ ሁሉም ወደ እትዬ ዘነበች አደላ።

ተራው እትዬ ብርቄ ጋ ደረሰ። ባሏ ከክረምቱ በፊት ድንገት ሞቶባት ብቻዋን ትኖር ነበር። ከጎረቤቶቻችን ሁሉ አንቺ እንድላት የፈቀደችልኝ እሷ ብቻ ናት፤ ዓይን አፋርነቴን ስለምታውቅ ሰው ሲበዛ ከጎኗ ታስቀምጠኛለች። ያን ዕለትም እጄ በእጇ ውስጥ ነበር። በባሏ ለቅሶ እንባ እንዳልወጣት ሰፈሩ ያውቃል፤ ሲያሟትም ሰምቻለሁ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

አባቴ ደነገጠ። «ብርቄ፣ ይሄ እኮ ተረት ነው። ባትናገሪም ግድ የለም።»

«ተረት ከሆነ ሁላችሁም እኔን ለምን ታያላችሁ?» አለች ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «የሚያውቁትን መናገር ነው አይደል? እኔ የማውቀው፣ እንባው አልመጣልኝም።»

እጄን ለቀቀችና ተነሣች። አውጫጭኙ ሳያልቅ መነሣት አይፈቀድም፤ ያስቀመጣት ሰው ግን አልነበረም። ሁለተኛ አልመጣችም። በጥምቀት ሰሞን ዕቃዋን አስጭና ወደ ጦር ኃይሎች በኩል ሄደች ተባለ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዚያኑ መጽሐፍ ሙሉ ቅጂ አግኝቼ ጨረስኩት። ገዳዩ ወንድሙ ነበር። ለአባቴ ስነግረው፣ «ለብርቄ ማን ይነግርልናል?» አለኝ።

ዛሬ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ ቤት ተሠርቶበታል፤ እሑድ ከየቤቱ የሚሰማው ሬዲዮ ነው። አባቴን የቀበርን ዕለት እንባ አልመጣልኝም። ሴቶቹ ከነጠላቸው ጫፍ ሥር ሲያዩኝ ታወቀኝ፤ ያረጁት እትዬ ዘነበችም ከመሐላቸው ነበሩ። አንገቴን ደፋሁ። ያኔ፣ ሰው ሲበዛብኝ፣ እጄን የሚይዝልኝ ሰው ነበረኝ።