የአይዞሽ ክፍል

ቅዳሜ ጠዋት ከምንኖርበት ከፌደራል ዌይ የተነሳሁት ቤቱን አይቼ «አይሆንም» ብዬ ለመመለስ ነው። ልጄ ቤተል የሠርግ ቤት አገኘሁ ብላ ነግራን፣ ባለቤቴ ጌታቸው ደግሞ «እናትሽ አይታ ከወደደችው እኔም ወድጄዋለሁ» ብሎ ነገሩን በእኔ ላይ ጥሎ ሥራው ሄዷል። አድራሻውን በቴክስት ስትልክልኝ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቤቱን አውቀዋለሁ። ዛሬ ታድሶ የእንግዳ ማረፊያና የሠርግ ቤት ይሁን እንጂ፣ ያኔ የአረጋውያን መጦሪያ ነበር፤ እኔም አሜሪካ እንደገባሁ መጀመሪያ የተቀጠርኩት እዚያ ነው። ስንቱ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ ሲወጣ ባየሁበት በር ልጄ በነጭ ቬሎ ስትገባ ማየት አልፈለግሁም።

ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሌላ ሰበብ ነበረኝ። ቤቱ በበጋው ሁሉ ተይዞ የቀረው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም የአሜሪካ የሠራተኞች በዓል፣ የሌበር ደይ ሰኞ። በሰኞ ሠርግ ማን ይመጣል?

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ

አይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ለቅዳሜ ጠዋት ተጨናንቆ ነበር። ደመናው ዝቅ ብሎ ሌላ ቀን ከሩቅ የሚታየው ተራራ አይታይም፤ ካፊያው ደግሞ መስታወት መጥረጊያውን ቢያሠሩት ይንጫጫል፣ ቢያጠፉት መንገዱ ይጠፋል። ቤተልን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው አፓርታማዋ ወሰድኳትና ሬኒየር ጎዳና ላይ ካለች የሀገር ልጅ ሱቅ ሳምቡሳ ልንገዛ ወረድን። የምስሩ ሁለት ዶላር ሆኗል። ባለሱቁ የወልቂጤ ሰው ናቸው፤ ቤተልን ከልጅነቷ ያውቋታል።

«ሙሽሪት፣ ቀኑ ተቆረጠ?» አሏት።

«ሌበር ደይ፣ ሰኞ፤ እማ ኦኬ ካለች» አለች ቤተል።

«ሰኞማ ዕቃ የማስገባበት ቀን ነው» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ለአንድ ቀን ቢጾም ሱቁም አይሞትም መቼም።»

የምፈልገውን መልስ ግማሽ ሰጥተውኝ ግማሹን መልሰው ወሰዱት።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ኮረብታው ላይ

«እማ፣ እዚህ ጋ ፓርክ አድርጊ» አለችኝ፤ እኔ ግን ሳትነግረኝ በፊት አቁሜ ነበር። እግሬም እጄም መንገዱን አልረሱትም።

ቤቱ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት ነው፤ በቪክቶሪያ ዘመን አሠራር አንዱ ማዕዘኑ ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ግንብ ይመስላል። በረንዳው በተጠረቡ ቋሚዎች ተደግፏል፤ ከበሩ በላይ ባለቀለም መስታወት አለ። በእኔ ጊዜ ሁሉም ነገር ግራጫ ነበር። አሁን አረንጓዴና ክሬም ተቀብቷል። የዊልቸር መወጣጫው ፈርሶ በቦታው የድንጋይ ደረጃና የአበባ ማሰሮ ተተክቷል።

የቤቱ ባለቤት፣ ሚስስ ሆሊስ የሚባሉ ሸምገል ያሉ ሴት በሩ ላይ ተቀበሉን። ባለቤታቸው በሕይወት እያሉ ቤቱን ገዝተው፣ ወለሉን ሁለቱ በገዛ እጃቸው እንደፋቁት በእንግሊዝኛ ነገሩን። የመድኃኒቱ ጋሪ ይቆምበት በነበረው ጥግ አሁን የእንግዶች መዝገብ አለ። አሥራ ሁለት ሽማግሌዎችን የተፈጨ ምግብ የምናጎርስበት ክፍል ወርቃማ አምፑል የተንጠለጠለበት የድግስ አዳራሽ ሆኗል፤ መቶ ሃያ ሰው ይይዛል። የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራንና የሀገራችንን ከተማ የሆሳዕናን ልጆች ብቻ ቢጠሩ ሞላ ማለት ነው። ቤተል እጄን ይዛ «እማ፣ ወደድሽው?» ትለኛለች፤ እኔ «እንይ እስቲ» እላለሁ። ፊቷ ላይ ያለውን ደስታ ሳይ ክፋቴ ለራሴ ይታወቀኝ ጀመር።

ወደ ሁለተኛው ፎቅ ወጣን። ከደረጃው በስተቀኝ ያለው ክፍል የሚስ ኤድና ነበር።

ሚስ ኤድና ጡረተኛ አስተማሪ ነበሩ። ሲረሱ ስለሚያፍሩ እርሳስ ከእጃቸው አይለይም፤ ፖስታ ላይ፣ የጋዜጣ ጠርዝ ላይ፣ ያገኙት ላይ ይጽፋሉ። ገላቸውን ሳጥብ መውደቅ ይፈሩ ነበርና ደግፌ ሳነሳቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላለሁ። ሀገር ቤት ቢሆን «አይዞዎት» ነበር የምላቸው፤ ግን እንደ ሕፃን አንገቴን ሲይዙኝ አንቱታው ከአፌ ይጠፋል። እሳቸው ታዲያ ስሜ መሰላቸው። ታደለች የሚለውን እውነተኛ ስሜን ምላሳቸው እምቢ ስላለ «አይዞሽ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። አላረምኳቸውም። ልጄን በሁለት ዓመቷ ለእናቴ ትቼ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ በቀን አሥር ጊዜ «አይዞሽ» የሚለኝ ሰው ማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዓመት በኋላ ኢንሹራንስ ያለው የሆስፒታል ሥራ አገኘሁ። የመጨረሻዋ ዓርብ «መቼ ነው የምትመጪው?» አሉኝ፤ እንደ ወትሯቸው። መሰናበት አልቻልኩም። «ሰኞ» አልኳቸው። በዚያው ቀረሁ። በቀጣዩ ወር መሞታቸውን ከሥራ ባልደረባዬ ሰማሁ።

ሚስስ ሆሊስ በሩን ከፈቱት። «ይህ ሙሽሮች የሚለብሱበት ክፍል ነው» አሉ። በሩ ላይ የናስ ሰሌዳ አለ፤ መነጽሬን ስላላደረግሁ አላነበብኩትም። ወደ መስኮቱ መሩን። መጋረጃው በሚሸፍነው የመቃኑ ጎን፣ አንዲት መዳፍ የምታህል እንጨት ቀለም ሳይነካት በመስታወት ተከድናለች።

«ስናድስ ያገኘነው ጽሑፍ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ልጅ የወደደችው መርከበኛ ስም ይመስለናል፤ ሰኞ እመጣለሁ ብሎ የሄደ። እውነቱን አናውቅም፤ ሙሽሮች ግን ታሪኩን ይወዱታል። ክፍሉንም በስሙ ጠራነው።»

ቤተል ጎንበስ ብላ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራቻቸው፤ «ኤ፣ አይ፣ ዜድ፣ ኦ፣ ኤስ፣ ኤች... ዌይት። እማ፣ ይሄ ‹አይዞሽ› አይደለም እንዴ? ‹አይዞሽ፣ መንዴይ› ነው የሚለው።»

የአስተማሪ ጽሕፈት ነው፤ የሚንቀጠቀጥ፣ ግን በመስመር የሄደ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ሃያ አምስት ዓመት ያላለቀስኩትን።

«መርከበኛ አይደለም» አልኳቸው ሚስስ ሆሊስን። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጦሪያውን፣ አንሶላውን፣ ዓርቧን። ሴትዮዋ ወንበር ስበው ተቀምጠው ሰሙኝ። ስጨርስ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። «በርቺም ነው፣ አትፍሪም ነው፣ አለሁልሽም ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ለሙሽሮቹ ከእንግዲህ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ይንገሯቸው።»

ስምንት ሰዓት፣ ወደ ቤት

ቤተል መኪና ውስጥ ትከሻዬን ይዛ ቆየች። «እማ፣ ኢትስ ኦኬ። ሌላ ቤት እንፈልጋለን፤ የቸርቹም አዳራሽ አለ» አለችኝ። ሳትናደድ ነው ያለችው፤ ያ ደግሞ የበለጠ ከበደኝ። ኮሎምቢያ ሲቲ አወረድኳትና ብቻዬን ወደ ደቡብ ነዳሁ። ሳምቡሳው ሳይነካ ቀዝቅዟል።

መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ሳሰላስል ነበር። ሰውን «አይዞሽ» ብሎ ማስለመድ ቀላል ነው። መሄጃው ሲደርስ ዓይኑን እያዩ «መሄዴ ነው» ማለት ግን የዚያው ቃል ሌላው ግማሽ ነው፤ እኔ ግማሹን ብቻ ሰጥቼ የቀረሁ ሰው ነኝ። ያንን በር የሞት በር ያልኩትም የራሴን አወጣጥ ላለማስታወስ ይመስለኛል። ሚስ ኤድና በዚያ መስኮት የጠበቁት ሞትን አልነበረም።

ጌታቸው ከሥራ ገብቶ ሳሎን ተቀምጧል። ዓይኔን አይቶ ቴሌቪዥኑን ዘጋው።

«እንዴት ነው ቤቱ?»

«እዚያው ይሁን ብያለሁ። አሁን ለቤተል ደውዬ እነግራታለሁ።»

«በሰኞ? አንቺው አይደለሽ እንዴ በሰኞ ማን ይመጣል ስትይ የከረምሽው?»

«እኔ እመጣለሁ» አልኩት።